ጥርስዎ ደርሷል

ይህን የምጽፍላችሁ ላስደነግጣችሁ ብዬ አይደለም። ካላመናችሁኝም አልቀየምም። በራሴ ላይ ባይደርስ ኖሮ እኔም «ደግሞ ይህን ማን ፈጠረው?» ብዬ ስቄ አልፈው ነበር።

ግን ደርሷል።

ሌሊት ደግሞ አይደለም። መብራት አልጠፋም፣ ውሻ አላላዘነም፣ ነፋስ መስኮት አልመታም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው... ምሳ የበላ ሰው ሁሉ ዓይኑ ክድን ክድን በሚልበት ሰዓት። ፀሐይዋ ጠረጴዛዬ ላይ እንደ ልቧ ተዘርግታ ነበር።

የምሠራው ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ቤት ውስጥ ነው። ሁለት ክፍል ናት። የፊተኛዋ እንግዳ መቀበያ ናት፤ እኔ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ጥቂት ወንበሮችና ያለቀላቸው ጥርሶች የሚቀመጡበት ቁም ሳጥን አለን። በኋለኛዋ ክፍል ጥርስ ሠሪው ይውላል። ጋሼ ነው የምለው። ጄሶ ሲበጠብጥና ሰም ሲያቀልጥ ስለሚውል ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው።

ጋሼ ጥርሱን ይሠራል። የጥርሱን ባለቤት ፈልጎ ማምጣት የእኔ ድርሻ ነው።

ሰው እንዴት ጥርስን ያህል ነገር አዝዞ ይጠፋል ትሉ ይሆናል። ይጠፋል። አንዱ ይታመማል፣ አንዱ አገር ይለቃል፣ አንዱ ለሠርጉ ፎቶ ብሎ ያሠራና ሠርጉ ይፈርሳል። ስልክ ብትደውሉላቸው አያነሱም። ስለዚህ ኢሜይል እጽፋለሁ። መልስ ይጠፋል። ደግሜ እጽፋለሁ።

ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ እንዳትንቁት። «አልመለሱልኝም» አይባልም። «ምናልባት መልእክቴ ሳይደርስዎ ቀርቶ እንደሆነ ብዬ ነው» ይባላል። ጥፋቱን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ መጣል ነው፤ ኢንተርኔት አይቀየምም። የመጀመሪያው ኢሜይል ፈገግታ ነው። ሁለተኛው ጉሮሮ መጥረግ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ልመና ነው፤ ክራቫት ያሰረ ልመና።

ለስንት ሰው እንዲህ እንደጻፍኩ አላስታውስም። ብቻ ደክሞኛል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ቀኑን ሙሉ ለማይመልስ ሰው «እንደምን ሰነበቱ» ስል እውልና፣ ቤቴ ስገባ ለራሴ ሰው የምለው ቃል ያልቅብኛል።

የራሴ ሰው እናቴ ናት። ሌላ የለኝም።

እናቴ ጥርስ የላትም። «ጥርስ ቤት እየሠራሽ?» እንዳትሉኝ። ጋሼ ያልሞከረው ነገር የለም። የሠራላት ሁሉ አፏ ውስጥ ይዋልልና ይወድቃል። በመጨረሻ እጁን በሽርጡ እየጠረገ፣ «እህቴ፣ ድዷ አልቋል» አለኝ። «የሚይዝበት ነገር የለውም። ግድግዳ በሌለበት ምስማር አልመታም።»

ስለዚህ ሾርባ ነው። ጠዋት ሾርባ፣ ማታ ሾርባ። እየመነመነች ሄዳ ቀሚሷ ከትከሻዋ ላይ መንሸራተት ጀመረ። ሐኪሙ ወደ ጎን ጠርቶ ነው የነገረኝ።

«ጠንከር ያለ ምግብ ካልበሉ ብዙ አይቆዩም።»

ብቻዋን ትቻት መዋል ስለማልችል ይዣት ሥራ እገባለሁ። መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር የእሷ ናት። እዚያ ሆና የመጣውን ደንበኛ ሁሉ ታዋራለች። ጥርስ ቢያንሳት ምላስ አላነሳትም። ግማሹ ቃሏ አየር ሆኖ ቢወጣም ሰዉ እየሳቀ ነው የሚሄደው።

ወደ ሴትዮዋ ልምጣ።

ቁም ሳጥኑ ውስጥ ወሳጅ ያጣች አንዲት ሳጥን ነበረች። ያሠሩት አንዲት ሴትዮ ናቸው። ልካቸውን የሰጡት እኔ እናቴን ሐኪም ቤት በወሰድኩበት ቀን ስለነበር መልካቸውን አላየሁም። የማውቀው የኢሜይል አድራሻቸውን ብቻ ነው።

መጀመሪያ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላቸው።

«ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበቱ? ጥርስዎ ደርሷል።»

ዝም።

«ለመውሰድ የትኛው ቀን እንደሚመችዎ ቢነግሩን? ማክሰኞ እንዴት ነው?»

ዝም።

«አድራሻዎ ተቀይሮ እንደሆነ ቢያሳውቁን ደስ ይለናል።»

ዝም...

«ልናደርግልዎ የምንችለው ነገር ካለ የሚፈልጉትን ይንገሩን። በደስታ እንፈጽማለን።»

ይህቺን ለሁሉም እጽፋታለሁ። ከልቤ አይደለም። ማንም ከልቡ አይጽፋትም።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ያው ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ለሌላ ዝምተኛ ደንበኛ እየጻፍኩ ሳለ አንድ ነገር ጎደለብኝ። ምን እንደጎደለኝ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ።

የእናቴ ወሬ ነው።

ቀና አልኩ።

ቁም ሳጥኑ ተከፍቷል። የሴትዮዋ ሳጥን እናቴ ጭን ላይ ናት... ባዶዋን።

«እማዬ! ምን አደረግሽ?»

እናቴ ፈገግ አለች። አፏ ሙሉ ጥርስ ነበር።

«የሰው ነው እኮ! አውጪው በይ!»

«ለምን?» አለችኝ። ቃሏ ጥርት ብሎ ወጣ፤ አየር የሌለበት። «ልኬ ነው።»

ጩኸቴን ሰምቶ ጋሼ ወጣ። ቀረብ ብሎ የላይኛውን ጥርስ በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገው። አልተነቃነቀም። ጎተት አደረገው። አልተነቃነቀም። ሥራው ያማረለት ሰው ደስ ይለዋል ብዬ ፊቱን አየሁት፤ ደስታ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«አይሆንም» አለኝ በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

«የአንዱ ልክ ለሌላው አይሆንም። ደግሞ ለእሷ... ምኑን ይዞ ነው የቆመው?»

«ሴትዮዋን ታስታውሳቸዋለህ?»

ወደ መንገዱ አየ፣ የሚሰማ ሰው እንዳለ ለማረጋገጥ ይመስል።

«ልክ ስወስድ፣ የልክ መውሰጃው ሊጥ አፉ ውስጥ ሲገባ የማያቅለሸልሸው ሰው የለም። እሳቸው... ምንም። ጣቴ አፋቸው ውስጥ እያለ ትንፋሻቸውን ጠብቄ ነበር።»

«እና?»

«አልመጣም።»

«ምን አሉህ ታዲያ?»

«ሲገቡም ሲወጡም አንድ ቃል አልወጣቸውም። መልሺው እህቴ። መልሺው።»

ልመልሰው ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን እናቴ ከምሳዬ የተረፈውን ደረቅ ዳቦ ጠረጴዛዬ ላይ አየችው። አነሳችው። ገመጠችው።

ቀርጨም... ቀርጨም...

ያን ድምፅ ከእሷ አፍ ከሰማሁ ዘመን የለውም። ዓይኔ እንባ ሞላ። ዳቦውን እስከ ፍርፋሪው ጨርሳ ሌላ ጠየቀችኝ። ቆማ፣ እጇን ዘርግታ፣ እንደ ሕፃን። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

ሴትዮዋ ከመጡ የጄሶ ልካቸው መደርደሪያው ላይ አለ፣ ሌላ ይሠራላቸዋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ለይሉኝታ ያህል ደግሞ አንድ የመጨረሻ ኢሜይል ላክሁ።

«መልስ ካላገኘን ጥርሱን ለሌላ ሰው እንድንሰጥ እንደፈቀዱልን እንቆጥረዋለን። ከአክብሮት ጋር።»

ጋሼ ከጀርባዬ ቆሞ አነበበው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኋለኛውን ክፍል በር ዘግቶ መሥራት ጀመረ።

እናቴ በላች። ሥጋ በላች፣ ካሮት ጥሬውን በላች፣ አጥንት ቆረጠመች። ጉንጯ ሞላ። ደረጃ ሳትደገፍ መውጣት ጀመረች። «ከእንግዲህ ቤት እውላለሁ፣ አትጎትቺኝ» አለችኝ። ሐኪሙ ሲያያት «ምን አብልተሻቸው ነው?» ብሎ ተገረመ። እኔም ስንት ዘመን የተሸከምኩት ነገር ከጫንቃዬ የወረደ መሰለኝ፤ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ብቻ...

ጥርሱን ለማጠብ እንኳ አታወጣውም።

ጎረቤት ሰላም ሲላት አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ ታልፋለች። ያቺ ወሬኛዋ እናቴ።

ድሮ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር። አሁን አትሸፍነውም። የሚያስቅ ነገር ሳይኖርም አትከድነውም... ግድግዳውን እያየች፣ ጥርሷን ገልጣ ትቀመጣለች።

ዝምም አለች። ከመብላት በቀር ለምንም አፏን አትከፍትም። ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኳት። እውነቱን ልንገራችሁና ዝምታዋ ተመችቶኝ ነበር። ደክሞኝ ስገባ የሚጠይቀኝ የለ፣ የምመልሰው የለ።

አንድ ጠዋት በሩ ጋ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ሳስር ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ደህና ሰንብቻለሁ። ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ።»

ዞርኩ። ከእናቴ ሌላ ሰው የለም።

«እማዬ፣ ማንን ነው?»

ታኝካለች።

እየቀለደች መሰለኝ። የትኛዋ እናት ናት ልጇን አንቱ የምትል፣ ካልተጣላች ወይም ካልቀለደች በቀር? «ደህና ዋዪልኝ፣ እመቤቴ» ብያት ስቄ ወጣሁ።

ሌላ ቀን ልብስ እያጣጠፍን ነው። አንሶላውን እሷ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በአንድ ጫፍ ይዘነዋል።

«ማክሰኞ እንኳ አይመቸኝም።»

«ምኑ ነው ማክሰኞ?»

አንሶላውን ወጠር አድርጋ ያዘች። ጥርሷ ብቻ ነው የሚታየኝ።

ከዚያ ደግሞ፣ የእረፍት ቀኔ ነው፣ መስኮት እየወለወልኩ ነበር። ስትመጣ አልሰማኋትም። መስተዋቱ ላይ ፊቷን ከትከሻዬ በላይ አየሁት፤ አገጯ ማጅራቴን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ያን ያህል ተጠግታኝ... ትንፋሽ አልተሰማኝም።

«አድራሻዬ ተቀይሯል» አለችኝ።

ጨርቁ ከእጄ ወደቀ።

በነጋታው ሥራ እንደገባሁ የላክኋቸውን ኢሜይሎች ከፈትኩ። እንደምን ሰነበቱ? ማክሰኞ እንዴት ነው? አድራሻዎ ተቀይሮ እንደሆነ... በተራቸው ነው የተመለሱልኝ። አንድም አልተዘለለም።

የቀረችው አንዲት ናት። የሚፈልጉትን ይንገሩን፤ በደስታ እንፈጽማለን።

ከእሷ ቀጥሎ ያለው መልስ አያስፈልገውም። ዝም ካሉ ፈቅደዋል ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ቀና ስል ጋሼ የኋለኛው በር ላይ ቆሟል። የሴትዮዋን የጄሶ ልክ በሁለት እጁ ይዞታል።

«ንኪው» አለኝ።

ነካሁት። ከደረቀ የቆየ ጄሶ ነው፤ ድንጋይ መሆን ነበረበት። እርጥብ ነበር። ደግሞ ይሞቃል።

«ጋሼ... የማን ድድ ነው ይህ?»

«የእናትሽ።»

«የሴትዮዋ አይደለም እንዴ?»

«የሴትዮዋ ነበር» አለኝ። «የእናትሽን ድድ እጄ ያውቀዋል፤ ስንቴ ተሸንፌበታለሁ። ሂጂ። ዛሬውኑ አውጪላት።»

ምሳ ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። እናቴ ሶፋው ላይ በጀርባዋ ተኝታለች፤ አፏ ገርበብ ብሏል። እጄን በመሐረብ ጠቅልዬ አጠገቧ ተንበረከክሁ። ጣቴን አስገባሁ። ያዝኩ። ጎተትኩ...

አብሮ የበቀለ ጥርስ ነው የምትሉት። ንቅንቅ የለም።

ዓይኗ ተገለጠ።

አልተቆጣችም። ጣቴ አፏ ውስጥ እንዳለ፣ ምላሷ ሳይነካኝ፣ ቃሏ ጥርት ብሎ ወጣ።

«የምፈልገውን ጠይቀውኝ ነበር።»

«...አዎ» አልኩ።

«ቤት ነው የምፈልገው። ቤትና ልጅ።»

«እናቴስ?»

ድምፄ የወጣ አይመስለኝም። እሷ ግን ሰምታኛለች።

«ሥራ ቦታዎ ሄደዋል» አለችኝ ረጋ ብላ። «ያን ያህል ደጋግመው ሲጠሩ አንድ ሰው መምጣት አለበት እኮ።»

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ጫማዬን እንኳ በትክክል ሳላደርግ ወጣሁ። አውቶቡሱ በየፌርማታው ይቆማል፣ ሰው ይወጣል፣ ሰው ይወርዳል። መሐረቡን ሳልፈታ ነው የተሳፈርኩት፤ አንዲት ሴትዮ «እጅሽን ምን ሆንሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። እጄን ከጀርባዬ ደበቅሁ።

ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይዋ ያው ጠረጴዛዬ ላይ ናት።

መስኮቱ ሥር አይቻቸው የማላውቅ ሴትዮ ተቀምጠዋል። የለበሱት ካፖርት ሌላ ሰው ቢጨመርበትም ይበቃል። ፊታቸው ረዘም ያለ፣ ቅንድባቸው የሳሳ፣ ከንፈራቸው ወደ ውስጥ የገባ። ጋሼ የኋለኛውን በር ገርበብ አድርጎ ያያል።

«እሳቸው ናቸው» አለኝ በከንፈሩ ብቻ። ከዚያ በሩን ዘጋው። ሲቆልፈው ሰማሁ።

የለመደ አፌ ቀደመኝ።

«ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ደህና መጡ።»

ሴትዮዋ አፋቸውን ከፈቱ። ባዶ ነው።

«ልጄ...»

የእናቴ ድምፅ ነው። ግማሹ አየር የሆነው ድምፅ።

«ልጄ፣ የት ጠፋሽ? ይሄን ሁሉ ቀን ሰው አየት እያደረገኝ ያልፋል። ቤታችንን ባንኳኳ የማላውቃት ሴት ከፍታ ዘጋችብኝ... ቁርስ ሳትበዪ ነው የወጣሽው፣ አይደል? ፊትሽ አመድ መስሏል። አፌ ቁርጥ ይበልልሽ።»

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

«ራበኝ ልጄ» አለችኝ። «ያቺን ሾርባ ብትሠሪልኝ።»

ከዚህ በኋላ አንቱ ማለት አቃተኝ።

ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ፍርሃት ነው ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ድካም ነው። ያ ሾርባ፣ ያ ማንኪያ፣ ያ ደግፎ ማንሳት፣ ያ ደግፎ ማስተኛት... ሁሉም ተመልሶ መጥቶ ጫንቃዬ ላይ ጉብ አለ። እናቴን አገኘኋት ብዬ እልል ማለት ሲገባኝ፣ ወይኔ፣ ደግሞ ከመጀመሪያው ልጀምር ነው አልኩ በሆዴ።

መልስ አልሰጠኋትም። ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩ።

አንድ ደንበኛ ገባ፣ አፉን በመሐረብ የያዘ ወፍራም ሰውዬ። ከመስኮቱ ሥር «አይዞህ ወንድሜ፣ እኔ ሁሉንም ጥዬ ይኸው አለሁ፤ አንተ በአንዱ ታለቅሳለህ?» አለችው። ሰውዬው እያመመው ሳቀ። «እናትሽ ናቸው?» አለኝ ሲወጣ።

ለእሱም አልመለስኩለትም።

ሥራ ስንዘጋ ተነሳሁ። ተነሳች። ስራመድ ተከተለችኝ፤ ስቆም ቆመች። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ መንገዱ ከሥራ በወጣ ሰው ሞልቷል። መንገድ ስንሻገር ቀሚሴን ከኋላ ጨበጥ አድርጋ ያዘች። እናቴ መኪና ትፈራለች።

ቤቴ ስደርስ በሩ ተከፍቶ ጠበቀኝ። እናቴ ደፉ ላይ ቆማለች። ያዘለኝ ትከሻ፣ ያሳደገኝ ፊት... ወዝ ብሎ፣ ሞልቶ፣ በሙሉ ጥርስ ይስቃል።

«ይግቡ እንጂ» አለችኝ። «ደክሞዎታል።»

ከኋላዬ ደግሞ በሹክሹክታ፦

«አትግቢ ልጄ... አትግቢ።»

መሃል ላይ ቆምኩ። የቷን ልመን? ሥጋውን ወይስ ድምፁን? አንዷ ጠግባለች፣ ጠንክራለች፣ ከእኔ የምትፈልገው ነገር የለም። አንዷ ርቧታል።

ያሸነፈችኝ «ደክሞዎታል» ያለችው ናት። ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ማንም።

ቀሚሴን ከጨበጠው እጇ አላቀቅሁና ገባሁ።

በሩ ተዘጋ። ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ።

ይህን የምጽፍላችሁ አሁን ነው፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ በሩን ተደግፌ፣ በስልኬ። ውጭው ገና ብርሃን ነው። የልጆች ጨዋታ ይሰማኛል። እሷ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ዳቦ ትበላለች።

ውጭ ይንኳኳል።

ትንሽ ታንኳኳለች። ትቆያለች። ደግሞ ታንኳኳለች። አትደበድበውም፣ አትጮህም። ጎረቤት እንዳይሰማ የምትጠነቀቅልኝ ነው የሚመስለው።

«አይክፈቱ» አለችኝ ያቺኛዋ እያኘከች። «መልስ ካጡ ይተዉታል።»

አልተወችም።

መጀመሪያ የሚንኳኳው ከራሴ በላይ ነበር። ከዚያ ትከሻዬ ጋ ወረደ። ከዚያ ወገቤ ጋ... በሩን ተደግፋ ቀስ በቀስ እየተንሸራተተች ነው። «ራበኝ» ማለቱንም ትታዋለች።

መያዣውን ጨበጥኩት። ለቀቅሁት። ነገ አስብበታለሁ፣ ዛሬ ልተኛ አልኩ። በቃ አንድ ቀን ልተኛ።

አሁን ወለሉ ጋ ነው የሚንኳኳው።

ከበሩ ሥር አንድ ጣት ገባ።

አውቀዋለሁ። ሕፃን ሆኜ በር ዘግቼበት ጥፍሩ ተጣሞ የቀረው የእናቴ ጣት ነው። እሷ አላለቀሰችም ነበር፤ እኔ ስለደነገጥኩ እኔን ስታባብል ነው የዋለችው። ያ ጣት ነው። የሌላ ሰው አይደለም።

ቀስ ብዬ ወደ ጠረጴዛው ዞርኩ። ዳቦውን ይዞ ወደ አፍ የሚወጣው እጅ... አይቼው የማላውቅ እጅ ነው።

«ይብሉ እንጂ» አለችኝ።

ተነስቼ መያዣውን አዞርኩት። በሩ አይከፈትም። ጎንበስ ብዬ አፌን ከወለሉ አስጠጋሁ።

«እማዬ?»

ማንኳኳቱ ቆመ።

«እማዬ... እኔ ነኝ። ሰማሁሽ። እማዬ?»

ዝም።

«እማዬ?»

ዝም...

ጣቱ ግን ገና ከበሩ ሥር ነው።